ምስሩ ይብቃኝ

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሐኪም «የቀረዎት ጊዜ ትንሽ ነው» ሲል ሚለን ወደ ሪሞቱ ተወረወረች። በጣልያንኛ የተተረጎመ የእንግሊዞች ኮሜዲ ነበር። የታመመች ጓደኛዋን ለማሳቅ ብላ ከፈተችው እንጂ፣ ከፊልሙ ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ ሊሞት መሆኑን ማን ነገራት? የሺወርቅ ግን ቀደመቻትና ሪሞቱን ጋቢዋ ስር ወሸቀችው። «ተይው፤ ልየው» አለች።

ፊልሙ ላይ በሽተኛው የሬሳ ሳጥን ሊመርጥ ሄደ። ጓደኛው «እስቲ እኔ ልለካልህ» ብሎ ገብቶ ሲጋደም ክዳኑ አልከፈት አለ። የሺወርቅ ሳቋ የሚኖሩበትን የሮማ ሰፈር፣ ፒኜቶን አዳረሰ። ሚለን ግን ግድግዳ ግድግዳውን አየች። የሆስፒታሉ ሐኪም የጓደኛዋ ጊዜ ማጠሩን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ከነገራት ቀን ጀምሮ «ደም ማነስ ነው፤ ምስር ብዪ» እያለች ምስር መቀቀል ነበር ሥራዋ።

«ሚሉዬ፣ ምስሩ ይብቃኝ» አለች የሺወርቅ፣ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች። «የጣልያን ሐኪም ከታማሚው አይደብቅም። መጀመሪያ የነገረው ለእኔ ነው። ‹ለጓደኛዬ አንተ ንገርልኝ፣ እኔ አልችልም› ብዬ ለመንኩት። አንቺ ደግሞ ደም ማነስ ነው ብለሽኝ መጣሽ። ምን ልበል?»

ሚለን ልትናገር አፏን ስትከፍት ያመለጣት ሳቅ ነበር፤ ስታፍነው የከረመችው ልቅሶም ተከትሎት ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። የሺወርቅ ሪሞቱን ከጋቢዋ ስር አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረችላት።

«አሎራ፣ እንግዲህ ወደ ኋላ መልሺው። ያን ለጓደኛው ብሎ ሳጥን ውስጥ ገብቶ የተቆለፈበትን፣ አንቺን የመሰለውን ሰውዬ እንደገና ልየው።»