ድንቡሼን ማስመለስ

በስልክ የሚጫወቱት ካርታ እያንዳንዱ ካርዱ ቃል ከሆነ ወዲህ፣ ተጫውቶ አፉ የጎደለ ሰው በዝቷል። ካርዱን የተበላ፣ ቃሉን ከአፉ ያጣዋል፤ የበላው ይወስደዋል። ወይዘሮ አትጠገብ ግን ሲበሉ እንጂ ሲበላባቸው ታይተው አያውቁም፤ እሳቸው በላተኛ ብቻ ናቸው። የመንደሩን ስድብ ሁሉ አሸንፈው ሰብስበዋል።

ጎረቤታቸው ስንዱ እያለቀሰች መጣች። የልጇን ቁልምጫ ነብሮ ለሚባል ተጫዋች አስበልታ፣ ልጅቷን ለምሳ የድስት ክዳን እየመታች ነው የምትጠራት።

«ዶሮ ናት እንዴ? ተቀመጪ» አሏትና ስልካቸውን አውጥተው ነብሮን ገጠሙት።

ስድባቸውን ወረወሩ፤ ነብሮ አንድ በአንድ በላባቸው። በመጨረሻ «እምቢ» የሚለው ካርድ ብቻ ቀራቸው። እሱን የሚረታ ካርድ የለም፤ ግን አንዴ ከተጣለ ለጣለውም አይመለስም።

«ይቅርብኝ እትዬ፤ ያለሱ እንዴት ይኖራሉ?» አለች ስንዱ።

«ስንት ሽማግሌ መልሼበታለሁ፤ ይበቃኛል» አሉና ጣሉት፤ ቁልምጫውንም አስመለሱ።

ስንዱ ወደ ደረጃው ወጥታ ሽቅብ «ድንቡሼ! ድንቡሼዬ!» ስትል ልጅቷ ጫማ ሳታደርግ ሮጣ ወረደች።

ነብሮ ከስልኩ ውስጥ ሳቀ። «ጎበዝ ነዎት እማማ። አሁን ስምዎን አስይዘው እንጫወት። እምቢ ካላሉኝ ተስማምተዋል ማለት ነው።»

ወይዘሮ አትጠገብ አፋቸውን ከፈቱ። ስድብ የለ፣ እምቢታ የለ።

ስልኩን ድርግም አድርገው አጠፉና ተቀመጡበት።