ትኩስ ወተት

ለአብዮት በዓል የሆሳዕና ከተማ መንገድ ይጽዳ ተባለና፣ ለውሾች መርዝ የገባበት ሥጋ በየመንደሩ ተጣለ። የፋንታዬም ውሻ በልታ መጣች። መጀመሪያ የኋላ እግሮቿ ተንቀጠቀጡ፤ ከዚያ እንደ እንጨት ደርቃ ቀረች። ዋለ የተባለው ባሏ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቀበራት። ገና ጡት ያልተወ አንድ ቡችላ ተረፈ፤ የሰጡትን ሁሉ እምቢ እያለ ሲያለቅስ ይውላል።

በበዓሉ ቀን ከሰልፍ መቅረት የሚታሰብ አልነበረም። ፋንታዬ ቡችላውን ጓዳ አስገባችና የበሩን ሥር ሳይቀር በጨርቅ ወትፋ ቆለፈችበት።

«አንተን እንኳ አላስነካም» አለችው።

ከሰዓት ሲመለሱ ቁልፉም ጨርቁም እንደነበሩ ናቸው። ቡችላው ግን ለቅሶውን ትቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጭራውን እየቆላ ተቀበላቸው። አፉ ዙሪያውን ነጭ ነው። ፋንታዬ በጣቷ ነካ አደረገችው። ወተት ነው፤ ገና ትኩስ።

«ወተት ከየት አምጥተሽ ነው?» አለ ዋለ።

«ኧረ እኔ አልሰጠሁትም! እዚህ ቤት ወተት ከየት ይመጣል?»

ዋለ የጓዳውን ወለል እያየ ነበር። እርጥብ የጓሮ አፈር ተበትኗል፤ መሃሉ ላይ ውሻ በጎኗ የተኛችበትን ያህል ተደልድሏል።

ፋንታዬ ቡችላውን አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። የኋላ እግሮቹ ክንዷ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ።