ለአራተኛ ክፍል የሚሆን ቦታ

ልጆቼ፣ ደብተር በጋዜጣ መለበጥ ቀርቶላችኋል፤ እልል በሉ። አሁን የዓመቱ ትምህርት በአንድ ጊዜ ጭንቅላት ውስጥ ይጫናል። ችግሩ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ጳጉሜ በገባ ቁጥር ወላጅ ቁጭ ብሎ ከልጁ ጭንቅላት ምን እንደሚወጣ ይመርጣል።

ልጄ ፍሬዘር ዘንድሮ ለልጇ ለኖላዊት የአራተኛ ክፍል ቦታ አጣችላት። ሰኞ ማክሰኞ ጨዋታን አምና፣ ተረቶቹን ካቻምና አስወጥታለች።

«እማዬ፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ። ብዙ ቦታ ይዘሻል» አለችኝ አንገቷን ደፍታ።

«መወፈሬንስ አውቅ ነበር።»

«አትቀልጂ! ክፍል ትድገም?»

«ኧረ በስመአብ! እኔ ብረሳ ይሻላል፤ ክፍል ብትደግም ጎረቤት ምን ይላል?»

አስወጡኝ። ምንም አላመመኝም፣ ሥልጣኔ ይመስገን።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ኖላዊት ናት። ሌላ ጊዜ ሮጣ ገብታ ጭኔ ላይ ነበር የምትወጣው። ዛሬ አበባ የሳለችበትን ወረቀት በሁለት እጇ ሰጠችኝና ደጃፉ ላይ ቆማ ሳንቲም ጠበቀች። ጨዋነቷ መቼም የአራተኛ ክፍል ነው።

እንዳትደነግጥብኝ ብዬ እንባዬን ዋጥ አደረግሁና «የማን ልጅ ነሽ የኔ ቆንጆ?» አልኳት።

«የፍሬዘር።»

«እናትሽንማ አውቃታለሁ! ግቢ፣ ዳቦ ልቁረስልሽ።»

«እማዬ የማላውቀው ሰው ቤት እንዳልገባ ብላኛለች» አለችኝ። ሳንቲሟን ተቀብላ፣ አመስግናኝ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች።