ስሟ አልተጠቀሰም

ወንበሮቹን ክብ አድርጌ ሳልጨርስ ሁለት አዛውንቶች ገብተው እንደ ተማሪ ክፍል መልሰው ይደረድሯቸዋል። በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጋዜጣችን የሰፈሩ አንባቢዎች ጋር እዚህ አዳራሽ እንገናኛለን። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሰው አናግሮ መጻፍ፣ ከዚያ ተመልሶ «ልክ ጽፈናል ወይ?» ማለት።

አለቃዬ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ይደቅነዋል። ስለ ሰፈሩ ፍሳሽ የጻፍኩት ዘገባ ከወጣ ሳምንቱ ነው።

«አራት መቶ አስተያየት። ተሳትፎ ማለት እንዲህ ነው፣ እህቴ።»

«አንብበኸዋል?»

«ብዛቱን አይቻለሁ።»

እኔ አንብቤዋለሁ። ግማሹ «ማን ናት?» ይላል፤ ግማሹ ይመልስለታል።

ልብስ ሰፊዋ ትገባለች። መንገዱን ያበላሸው ፍሳሽ ከአከራይዋ ግቢ እንደሚወጣ የነገረችኝ እሷ ናት። «ስሜን እንዳትጽፊ፣ አደራ» ብላኝ ነበር። አልጻፍኩም። መጀመሪያ «አንዲት ነዋሪ» ብዬ ነበር፤ ደረቀብኝ። ሰው ሰው እንዲሸት ብዬ «የሰፈሩ ብቸኛ ልብስ ሰፊ» አደረግኩት። አለቃዬ ከዘገባው ሁሉ የወደደው ይህን ነው።

«እንዴት ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ፣ እትዬ?»

«ወጣሁ እኮ። ትናንት ቤቴን ልቀቂ ተባልኩ፤ ከተማ ዳር እህቴ ጋ ገባሁ። የስፌት መኪናዬ ከልጆቿ ጋር አንድ ክፍል ተኝቷል። ከእነሱ እሱ ይሻላል፤ አያንኮራፋም።»

«አከራይዎ እንዴት አወቁ?»

«አነበበልኝ። በሬ ላይ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ።»

«ስምዎን ግን…»

«አልጠራሽም። ቃልሽን ጠብቀሻል፤ አንቺ ምን ይወጣልሻል።»

አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አፌ ላይ የሚመጣው «እርማት እናወጣለን» የሚለው ብቻ ነው። ምኑ ይታረማል? ሁሉም ልክ ነው። ማዘን እንዳለብኝም አውቃለሁ፤ ጥርሱን በመርፌ ያደነዘዙት ሰው መንጋጋው የት እንዳለ እንደሚያውቀው።

«ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ መንገድ መጡ?»

«ጠርተሽኝ የለ እንዴ? በስልክ።»

እውነት ነው። መልእክቱን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የላክሁት።

«ሁሉም ይመዝገብ» ይላል አለቃዬ ከኋላ። «ቁጥሩን እንፈልገዋለን።»

እጄ ወረቀቱን ያቀብላታል። ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ሳትቸኩል ትጽፋለች። መልሳልኝ ፊተኛው ረድፍ ላይ ሄዳ ትቀመጣለች።

ወረቀቱን አየዋለሁ። ስም በሚለው ሥር «የሰፈሩ ብቸኛ ልብስ ሰፊ» ብላ ጽፋለች። ከዚያ «የሰፈሩ» የሚለውን ብቻ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰርዛዋለች።