በአራት የታጠፈ ጆንያ

የአትክልት ቦታው ዕቃ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚያድር የታወቀው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ኃላፊዋ የውሃ ማጠጫ ፍለጋ ስትገባ፣ ጥግ ላይ በአራት የታጠፉ ጆንያዎች እንደ ፍራሽ ተደርድረው አገኘች። የዳሩ ጆንያ መሃሉ ጎድጉዷል፤ ራስ ያረፈበት ነው።

የአትክልት ቦታውን የሚያለሙት ከመጠለያው የሚመጡ፣ ቤት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። መደቡን ስድስት ወር ሳያቋርጥ ያለማ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ በደብዳቤው የራሱን ክፍል ያገኛል። መሬቱን ያዋሱት ሰውዬ ያስቀመጡት ግዴታ አንድ ብቻ ነበር፦ እዚያ ማንም እንዳያድር።

ኃላፊዋ የአትክልት አሰልጣኙን ጠራችው። ወጣት ነው፣ ጥንቁቅ። ችግኝ በክር ለክቶ ይተክላል፤ ከተከለ በኋላም አላምነው ብሎ እንደገና ይለካል። በበጎ ፈቃድ ነው የሚሠራው። ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል። ሲጠይቁት፣ "ቤቴ ሩቅ ነው፤ ታክሲ ሳይጨናነቅ ልውጣ ብዬ ነው" ይላል። ማታ ችግኞቹን ከብርድ ወደ ዕቃ ቤቱ የሚያስገባውም፣ ጠዋት የሚያወጣውም እሱ ነው።

"በየት ነው የሚገባው?" አለችው።

"የኋላው መስኮት... በደንብ አይገጥምም።"

"ማን ነውስ? ባለመሬቱ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ እስከዚያ ካላወቅን መሬታቸውን ይወስዳሉ። ሃያ ሰው በአንድ ሰው ጦስ ሜዳ ላይ ይቅር?"

አሰልጣኙ የችግኝ መለኪያ ክሩን መጠቅለል ጀመረ።

"ጋሽ ጎመንን ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ አያቸዋለሁ" አለ።

የተናገረውን በልቡ ደጋግሞ መረመረው። አንዲት ውሸት የለበትም። ያም ሆኖ ፊቱ እንደ ፍም ጋለ።

ጎመን ስለሚያለሙ ጋሽ ጎመን የሚሏቸው ሽማግሌ ከመጡ አምስት ወር ተኩል ሆኗቸዋል። ያኔ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ እንኳ አይጨብጡም ነበር። አሁን ከጎመናቸው ቅጠል ላይ ተባይ በጥፍራቸው ጫፍ ይለቅማሉ። መጠለያ ውስጥ እንዳይሰረቅባቸው ብርድ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ነው የሚዞሩት።

"ዛሬም ባለቤትዎን አስከትለው መጡ?" ትላቸዋለች የመደብ ጎረቤታቸው። ምላሷ ስለሚፋጅ ቃሪያ ነው የሚሏት።

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ትቻት ከመጣሁ ሌላ ሰው ላይ ታድራለች።"

አሰልጣኙን አንድ ነገር ብቻ ያስቸግሩታል። "ጆንያ በአራት ነው የሚታጠፈው ጋሼ" ቢላቸው፣ ጠቅልለው ይወረውሩታል። "ጆንያ እኮ ነው፣ ደብዳቤ አደረግኸው!" ይሉና፣ ከመጠለያው ያመጡትን ዳቦ ለሁለት ገምሰው ያቀብሉታል። "እንካ፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ቁርስ አይደርስለትም።"

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ኃላፊዋ ሁሉንም ሰበሰበች።

"ጋሽ ጎመን፣ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ ምን ይሠራሉ?" አለች፣ ዓይኗ ፌስታሉ ላይ ነው።

"ኧረ በሕግ!" አለች ቃሪያ። "አልጋ እያላቸው እዚህ ምን በወጣቸው?"

ሽማግሌው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ አሰልጣኙ ተመለከቱ። አሰልጣኙ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካ ነበር።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ያደርኩት እኔ ነኝ። መጠለያው ውስጥ የሚያንኮራፋ አለ፤ ጣራ ሊነቅል ነው።"

የሳቀ የለም።

"ደብዳቤዎ ሊጻፍ እኮ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው" አለች ኃላፊዋ፣ ድምጿ ሰለል ብሎ። "አሁን እንዴት አድርጌ ልጻፍልዎ?"

"አውቃለሁ። አትቸገሪ።"

አሰልጣኙ አፉን ከፈተ። ሊናገር ያሰበውን ትቶ ሌላ ነገር አለ፦ "ጎመናቸውን... እኔ አጠጣላቸዋለሁ።"

ቃሪያ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"አሳባቂው አንተ ነህ? ውሃውንስ ፊትህን ታጠብበት!"

"ተይው" አሉ ጋሽ ጎመን። "ባርኔጣዬን ላምጣ" ብለው ፌስታላቸውን እንዳንጠለጠሉ ዕቃ ቤት ገቡ። ትንሽ ቆዩ። ሲወጡ ባርኔጣቸውን ደፍተዋል፤ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተዋል። አሰልጣኙ አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ብርዱ እየጠና ነው" አሉት። "ተጠንቀቅ።"

ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ሄደ። "አንተስ አትሄድም? መንገድህ ሩቅ ነው" አለችው ኃላፊዋ ቦርሳዋን አንግታ።

"ችግኞቹን ላስገባ።"

አንድ በአንድ አስገባቸው። መስመራቸውን አስተካከለ፤ አላምነው ብሎ እንደገና አስተካከለ።

ከዚያም በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ፣ እንደ ወትሮው ሊተኛባቸው ጆንያዎቹን ቢያነሳ፣ የጋሽ ጎመን ብርድ ልብስ በአራት ታጥፎ፣ ግማሽ ዳቦ ተቀምጦበት ጠበቀው።