ቀይዋ መብራት

የጭነት መኪና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ በሾፌር ላይ የሚያሳብቅ ጂፒኤስ መግዣ ብር ቢቸግረውም ዘዴ ግን አይቸግረውም። ለአንድ ቢራ ፋብሪካ በኮንትራት ጭነት የሚያመላልሱለት ሾፌሮች ከአዳማ ድሬዳዋ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል። አንዱ አዋሽ ላይ እህቱን ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ሌላው ጭሮ ላይ ጫቱን ሳይጨርስ አይነሳም። ፋብሪካውም መሮት "ውሉን እናቋርጣለን" የሚል ደብዳቤ ልኳል።

ስለዚህ ከመርካቶ አሥራ ሁለት የፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ ገዛ። በየውስጣቸው ከልጆች መጫወቻ የነቀለውን አንዳንድ ቀይ መብራት ከነባትሪው ከተተና በየመኪናው መሪ ሥር አጣበቀ።

"ከእንግዲህ የት እንደቆማችሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆማችሁ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አያለሁ!" አላቸው ኮስተር ብሎ።

ጉድ እኮ ነው! ጭነቱ በማግስቱ ይደርስ ጀመር። በስድስተኛው ወር ፋብሪካው ውሉን አደሰ፤ እሱንም "ለቴክኖሎጂ ፈጠራው" ብሎ ዋንጫ ሸለመው።

ዋንጫውን ታቅፎ ሲወጣ የሾፌሮቹ አንጋፋ ጋሽ ወልደየስ በር ላይ ጠበቁት።

"እንኳን ደስ ያለህ፣ አለቃ። እንግዲህ ባትሪውን እንኳ አንተ ብትቀይርልን? እስካሁን እኛው ነን የምንቀይረው።"

ሥራ አስኪያጁ ክው አለ።

"ከፍታችሁት ነበር እንዴ?"

"የዚያኑ ዕለት።"

"ታዲያ ጋሼ፣ ምን አስሮጣችሁ?"

ጋሽ ወልደየስ ግራ ቀኙን ቃኙና ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

"እውነተኛውን እንዳትገዛብን ብለን ነዋ!"