የአዲሳለም ኢንሹራንስ

የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ሾዴ በዚህ ዓለም የሚፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ ቀበሌና ከውጭ አገር የሚመጣ ደብዳቤ። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ሁለቱ ተባብረው መጡበት።

ደብዳቤው ከጣልያን አገር ዩኒቨርሲቲ ነው። ልጁ አዲሳለም ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታለች፤ ነገር ግን ስትመዘገብ የጤና ኢንሹራንስ እንዳላት ካላረጋገጠች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል ይላል። የተረጎመላቸው ጎሚስታው በድሉ ነበር። በድሉ ጣልያንኛ የተማረው ጎማ ሲለጥፍ ነው።

ቀበሌው ደግሞ ጓድ ገበየሁ ናቸው። ሊቀመንበሩ የድጋፍ ወረቀት ካልፈረሙላት አዲሳለም እንኳን ሮም፣ ሸጎሌንም አትሻገርም።

«ኢንሹራንስ የመኪና ነው» አሉ ጓዱ፣ ደብዳቤውን አገላብጠው እያዩ። «ልጅህ መኪና ናት?»

«ብትታመም ማን ያሳክማታል ነው የሚሉት፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እኔን የሚያሳስበኝ መታመሟ አይደለም፤ መጥፋቷ ነው። ስንቱ ለትምህርት ብሎ ወጥቶ፣ አብዮቱን ክዶ፣ በዚያው ቀረ!»

እውነቱን ለመናገር ሾዴም የሚፈራው ይህንኑ ነበር። አዲሳለም ዝምተኛ ናት፤ የዝምተኛ ሰው ሆድ ደግሞ አይታወቅም።

«ስለዚህ ዋስ ትሆናለህ» አሉ ጓዱ። «ካልተመለሰች አንተ ትገባለህ።»

የት እንደሚገባ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ፈረመ። ጓዱ ራሳቸውም በዚያው ሰሞን ለልምድ ልውውጥ ከልዑካን ጋር ወደዚያው አገር ስለሚሄዱ፣ «ለመንገደኛ ሁሉ የሚሞላ ነው፤ ለወጉ ያህል» ብለው የራሳቸውንም የዋስትና ወረቀት አቀረቡለት። እሱንም ፈረመ። ሊቀመንበርን እምቢ የሚል ሸማኔ በጉለሌ ገና አልተወለደም።

የቀረው ኢንሹራንሱ ነው። ሾዴ የሰፈሩ እድር ዳኛ ስለሆነ ጭንቀቱን እሑድ ስብሰባ ላይ አወጣው። በድሉ ብድግ አለ።

«ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ ሲሞቱ የሚቀብር! ታዲያ ይሄ እድር እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ጣልያን ስሙን ለወጠው እንጂ!»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አዲሳለም እዚያው አባል ሆነች፤ ማስረጃም ተጻፈላት፦

«አባላችን አዲሳለም ሾዴ ብትታመም ተራ ገብተን እንጠይቃታለን፤ ጠያቂ አይጎድልባትም። አያድርገውና ከዚያ ያለፈ ነገር ቢመጣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለን። በለቅሶ ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል።»

በድሉ ወደ ጣልያንኛ መለሰው። ማኅተም ሁለት ጊዜ ተመታበት፤ አንዱ ለበሽታው፣ አንዱ ለሞቱ።

ጓድ ገበየሁ ሲያነቡት ከት ብለው ሳቁ። «እኔው ራሴ ወስጄ አስመዘግባታለሁ። ዓይኔንም ከእሷ ላይ አልነቅልም» አሉ። ከበሩ ከወጡ በኋላ ደግሞ ተመለሱ። «የእኔን ስም ከእድሩ ሰርዘው። ኋላቀር ነገር ነው።»

«ታዲያ ማን ሊቀብራቸው ነው?» አለች የእድሩ ዕቃ ያዥ ብርቅነሽ።

«ተያቸው፣ ኮሙኒስት ናቸው» አለ ሾዴ፤ ሰረዛቸው።

ጓዱ ሊሄዱ ሲሉ ወፍራም ወፍራም ጋቢ አሠሩት። ለሁለት ሳምንት ጉዞ ይህ ሁሉ ጋቢ ምን ያደርጋል ቢላቸው፣ ለወዳጅ ሕዝቦች ስጦታ ነው አሉት። ሾዴ ስለ ወዳጅ ሕዝቦች ብዙ አያውቅም፤ ብርድ የማይችሉ መሆናቸውን ግን ያን ቀን ተረዳ።

የመሄጃዋ ቀን ልጁን አቅፎ በጆሮዋ «አንገቴ በእጅሽ ነው» አላት።

«እመለሳለሁ፣ አባዬ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሾዴ እንቅልፍ አልነበረውም። በር በተንኳኳ ቁጥር መወርወሪያው ከእጁ ይወድቃል። መስከረም አልፎ ጥቅምት ላይ ደብዳቤዋ ሲደርሰው አለቀሰ።

ተመዝግባለች። የምዝገባ ቢሮዋ ሴትዮ የእድሩን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብባ፣ «እስከ ቀብር የሚዘልቅ ኢንሹራንስ አይቼ አላውቅም፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ የት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «ጉለሌ» አለቻት አዲሳለም፤ ሴትዮዋም ተቀበለቻት። ጓድ ገበየሁ እስከ መጨረሻው አልተለዩኝም፣ ሲሰናበቱኝ ግን እንደ ልጅ አለቀሱ፣ ይላል ደብዳቤው። ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ የተነሳችውንም ፎቶ ልካለች።

«እኝህ ሰውዬ ለካ አንጀት አላቸው!» አለ ሾዴ። ያን ዕለት ጠግቦ በላ።

ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ሽመና ላይ እንዳለ መጡበት።

«ሾዴ አንተ ነህ? ተነሥ። ፈርመህ ያወጣኸው ሰው ጠፍቷል።»

እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ አወጣ። የፈራው ደረሰ። ከብብቱ ደብዳቤውንና ፎቶውን አወጣ።

«ኧረ አልጠፋችም! ይኸው ጽሕፈቷ! ይኸው ፎቶዋ! ኢንሹራንሷንም ተቀብለውላታል!»

አንደኛው ሰው ፎቶውን አየት አድርጎ መለሰለት።

«ስለ ልጅህ ማን ጠየቀህ? ገበየሁ የት ገባ?»